ሽንቴ ቀነሰ፤ መድኃኒቱ ሥራውን አቁሞ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ58 ዓመት ሴት ነኝ። የደም ግፊት እንዳለብኝ ከታወቀ ሁለት ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ አምሎዲፒን ታዘዘልኝ። ግፊቱ እንደሚፈለገው አልወርድ ሲል ከጥቂት ወራት በፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊግራም ተጨመረልኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽንት ቤት ስመላለስ ነበር የምውለው፤ አሁን ግን የምሸናው እንደ ድሮዬ ነው። መድኃኒቱ ሥራውን ያቆመ መሰለኝ። ማታ ማታ እግሬ ያብጣል፤ ካልሲዬን ሳወልቅ የጠርዙ ምልክት ቆዳዬ ላይ ሰርጉዶ ይቀራል። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ባቴ እየተሸማቀቀ ከእንቅልፌ ያስነሳኛል። እህቴ የልብ ሕመምተኛ ስለሆነች ላሲክስና ስፓይሮኖላክቶን ትወስዳለች፤ «ከእኔ ላሲክስ ግማሽ ውሰጂ፣ እብጠቱን ባንዴ ያወርድልሻል» ትለኛለች። ሌሎች ደግሞ እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊት ያደርቃሉ ብለው ያስፈራሩኛል። ለጉልበቴ ሕመም አልፎ አልፎ ኢቡፕሮፌን እወስዳለሁ። ሩቅ መንገድ በምሄድበት ቀን የሽንት መድኃኒቱን እዘለዋለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት፣ ከእህትዎ ላሲክስ ግማሽም ሆነ ሩብ እንዳይወስዱ። ምክንያቱን ወረድ ብዬ አስረዳለሁ። ያስቀደምኩት ጽሑፉን ሳይጨርሱ ቢተዉት እንኳ ይህቺ እንዳታመልጥዎ ብዬ ነው።

የጠየቁኝ ነገር ብዙ ነው፤ የሁሉም መልስ ግን ከአንድ ቦታ ይነሳል። ሰው እነዚህን መድኃኒቶች «ውሃ የሚያስወጡ» ይላቸዋል። እነሱ ግን በቀጥታ የሚነኩት ጨውን ነው፤ ውሃው ጨውን ተከትሎ ይወጣል። ጥቅማቸውም ጉዳታቸውም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ኩላሊቶቻችን በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 180 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ይህን ሁሉ ብንሸናው ኖሮ አንድ ሰዓት እንኳ አንቆይም ነበር። የምንሸናው ግን አንድ ተኩል ወይም ሁለት ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ኩላሊት የሚሠራው ቤቱን እንደሚያጸዳ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ዕቃውን ሁሉ ደጅ ያወጣል፣ ከዚያ የሚፈልገውን እየመረጠ መልሶ ያስገባል፣ ቆሻሻው እዚያው ይቀራል። ይህ መልሶ የማስገባት ሥራ የሚከናወነው ከእያንዳንዱ ጥቃቅን ማጣሪያ በሚነሳ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ነው። በቱቦው ግድግዳ ላይ ሶዲየም፣ ማለትም ዋናው የጨው ንጥረ ነገር፣ ወደ ደም የሚመለስባቸው በሮች አሉ። የሽንት መድኃኒቶች ከእነዚህ በሮች አንዱን ይዘጋሉ። ሶዲየሙ ቱቦው ውስጥ ይቀራል፣ ውሃውንም ይዞት ወደ ፊኛ ይወርዳል።

የመድኃኒቶቹ ልዩነት የሚዘጉት በር የት እንደሚገኝ ነው። ከተጣራው ሶዲየም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚመለሰው በቱቦው መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ እዚያ የሚሠራ መድኃኒት ከሁሉም ኃይለኛ መሆን ነበረበት። አይደለም፤ እዚያ ያመለጠውን ጨው ከታች ያሉት በሮች አብዛኛውን ይለቅሙታል። እዚያ የሚሠራው አሴታዞላማይድ ዛሬ በብዛት የሚታዘዘውም ለዓይን ግፊትና ለከፍታ ሕመም ነው። ቀጥሎ ቱቦው ወደ ታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ሩብ ያህሉ ሶዲየም የሚመለሰው በዚህ በሚታጠፈው ክፍል ነው። የእህትዎ ላሲክስ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፉሮሴማይድ፣ የሚዘጋው ይህን በር ነው። ከዚያ በታች ያሉት በሮች ጠባብ ስለሆኑ ያመለጠውን ሁሉ መያዝ አይችሉም፤ የላሲክስ ኃይልም ከዚህ የመጣ ነው። በአፍ ሲወሰድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ይሠራል። በደም ሥር ሲሰጥ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚሠራ ሳንባው ውሃ ቋጥሮ የታፈነን ሰው ለማትረፍ ይውላል።

እርስዎ የሚወስዱት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ 5 በመቶ ገደማ ሶዲየም በሚመለስበት ክፍል ነው የሚሠራው። ረጋ ያለ መድኃኒት ነው፤ ለደም ግፊት የሚመረጠውም ረጋ ብሎ ረዘም ላለ ሰዓት ስለሚሠራ ነው። ስፓይሮኖላክቶን ደግሞ መጨረሻው ላይ፣ ጥቂት በመቶ በሚመለስበት ቦታ ላይ ይሠራል። በሩን በቀጥታ አይዘጋም፤ አልዶስቴሮን የተባለው ሆርሞን በሩን እንዳይከፍት ያግደዋል። ሙሉ ውጤቱን ለማየትም ቀናት ይፈልጋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ። መድኃኒቱ ሥራውን አላቆመም፤ የሆነው የሚጠበቀው ነው። እንደ እርስዎ ያለ መድኃኒት ሲጀመር ሰውነት የተወሰነ ጨውና ውሃ ያጣል፣ ሽንት ይበዛል፣ ክብደትም ትንሽ ይቀንሳል። ሰውነት ግን ይህን ዝም ብሎ አያይም። ኩላሊትና ሆርሞኖች ተረዳድተው ጨው የሚይዙበትን መንገድ ያጠነክራሉ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚገባውና የሚወጣው እንደገና ይመጣጠናል። ሽንትዎ ወደ ድሮው ተመለሰ ማለት ይህ ነው። የደም ግፊቱ ግን እንደወረደ ይቆያል፤ ምክንያቱም በዚህ ጊዜ የደም ሥሮች ላላ ብለው የደሙን መተላለፊያ ቀለል አድርገውታል። ስለዚህ የደም ግፊት ሕመምተኛ የሽንት መድኃኒቱን በሽንት ብዛት መለካት የለበትም። የሚለካው በግፊት መለኪያው ነው። ብዙ ሰው ሽንቱ ስለቀነሰ ብቻ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ሁለት ያደርገዋል። በዚህ ዓይነት መድኃኒት መጠኑን መጨመር ግፊቱን ብዙም ሳያወርድ ጉዳቱን ብቻ ያበዛል።

የእርስዎ መድኃኒት የሚመደብበት፣ ታያዛይድ የሚባለው ቡድን አሮጌ ስለሆነ ደካማ የሚመስለው ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1919 ቪየና ውስጥ አልፍሬድ ፎግል የተባለ የሕክምና ተማሪ ለቂጥኝ የሚሰጥ የሜርኩሪ መርፌ ሽንትን በእጅጉ እንደሚያበዛ አስተዋለ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያበጡ ሕመምተኞች በሜርኩሪ መርፌ ሲታከሙ ኖሩ። በአፍ የሚወሰደው የመጀመሪያው ታያዛይድ የመጣው በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በወጣ፣ ከ33 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ትልቅ ጥናት፣ የዚህ ቤተሰብ የሆነው ክሎርታሊዶን ከአምሎዲፒንና ሊዚኖፕሪል ከተባለ ሌላ የግፊት መድኃኒት ጋር ተወዳደረ። የልብ ድካትን፣ ማለትም የልብ ደም ሥር ድንገት መዘጋትን፣ በመከላከል ከአዲሶቹ አላነሰም፤ የልብ ድካምን በመከላከል ደግሞ ከአምሎዲፒን በልጦ ተገኘ።

እብጠቱ ላይ ግን የምጠረጥረው የሽንት መድኃኒቱን ማነስ ሳይሆን አምሎዲፒንን ነው። አምሎዲፒን ደም የሚያመጡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች በደንብ ይከፍታል፤ ደም የሚመልሱትን ግን ያን ያህል አይነካም። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ በመካከል ባሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ግፊት ይጨምርና ፈሳሽ ወደ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ይንጠፈጠፋል። ቀኑን ሙሉ ቆመንም ተቀምጠንም ስለምንውል ማታ ላይ ጎልቶ ይታያል፣ ሌሊት ሲተኙበት ይቀንሳል። ይህ እብጠት ጨው በሰውነት ስለበዛ የመጣ አይደለም። ጨው የሚያስወጣ መድኃኒት እዚህ ላይ እምብዛም የማይረዳውም ለዚህ ነው። ላሲክስ ቢወስዱ እግርዎ ያው እንዳበጠ ሊቀር፣ ደምዎ ግን ውሃና ፖታሲየም የተባለውን ማዕድን ሊያጣ ይችላል። የአንዱን መድኃኒት ጉዳት በሌላ መድኃኒት ማከም፣ ከዚያ የሁለተኛውን በሦስተኛ መደገፍ ሐኪሞችም ጭምር የምንወድቅበት ጉድጓድ ነው። መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ የአምሎዲፒኑን መጠን መቀነስ፣ ወይም እንደ ኢናላፕሪል ያለ ሌላ የግፊት መድኃኒት ማጣመር፣ ወይም መቀየር ነው።

ይህን ስል ሳላይዎት መሆኑን አይርሱ። ዛሬ ማታ አንድ ነገር ያድርጉ፦ ከቁርጭምጭሚትዎ በላይ፣ በአገዳው አጥንት ፊት ለፊት፣ በአውራ ጣትዎ አምስት ሰከንድ ያህል ጫን ብለው ይልቀቁ። ጉድጓድ ከቀረ በጣትዎ ዳብሰው ጥልቀቱን ይገምቱ፤ ከዚያ ወደ ላይ እየወጡ እስከየት ድረስ እንደሚሰረጉድ ይዩ። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ይድገሙት። ቁርጭምጭሚት ላይ ብቻ ሆኖ ጠዋት ከጠፋ ግምቴን ያጠናክረዋል። ወደ ጉልበት ከወጣ፣ ጠዋት ፊትዎና የዓይንዎ ቆብ ካበጠ፣ ሽንትዎ አረፋ ከበዛው፣ ወይም ትራስ ካልደረቡ መተኛት ካቃተዎ የልብ፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ ያስፈልጋል። አንዱ እግር ብቻ አብጦ ካመመዎት ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ።

የባትዎ መሸማቀቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ይህ ነገር መድኃኒት በማይወስድ ሰውም ላይ ይከሰታል፣ በተለይ ዕድሜ ሲገፋ። ነገር ግን ታያዛይድ የሚወስድ ሰው ባቴ ተሸማቀቀ ሲለኝ ደሙን ሳላይ አላልፈውም። ላሲክስ ወይም ታያዛይድ በሩን ሲዘጋ ብዙ ሶዲየም ወደ ቱቦው መጨረሻ ይወርዳል፤ እዚያ ደግሞ ሶዲየም የሚመለሰው በፖታሲየም ልዋጭ ነው። ሶዲየም ሲገባ ፖታሲየም ይወጣል። ላሲክስም ታያዛይድም ፖታሲየም የሚያስጨርሱት በዚህ መንገድ ነው። የፖታሲየም ልክ አብዛኛውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 5.0 ባለው ውስጥ ይቆጠራል። ከዚያ ሲወርድ ጡንቻ ይዝላል፣ ይሸማቀቃል፣ ሆድ ይደርቃል፤ በጣም ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል። ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ የዲጎክሲኑ መርዛማነት ይጨምራል። «ሙዝ ልብላበት?» ብሎ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። ይብሉ፣ ግን መጠኑ የወረደን ፖታሲየም ሙዝ ብቻውን የሚመልሰው ከስንት አንዴ ነው። የፖታሲየም ኪኒን በራስዎ መጀመርም አይሆንም፤ ከመጠን በላይ የወጣ ፖታሲየም ከወረደው ባላነሰ ልብን ያቆማል።

ከፖታሲየም ይልቅ በእርስዎ ዕድሜ ይበልጥ የምፈራው ሶዲየምን ነው። ሰው ስለ ፖታሲየም ሰምቷል፤ ሶዲየምን ግን የሚያነሳው የለም። ታያዛይድ ጨውን ሲያስወጣ ኩላሊት ትርፍ ውሃን ነጥሎ የማስወጣት ችሎታውም አብሮ ይቀንሳል። በዚህ ላይ «መድኃኒቱ ያደርቅሻል» ተብላ በላይ በላዩ ውሃ የምትጠጣ ሴት ደሟ ይቀጥናል፤ ሶዲየሙ ከ135 በታች ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ፣ ዕድሜያቸው በገፋና ሰውነታቸው በቀጠነ ሴቶች ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላም ግን ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መንገዳገድ ይመጣል፤ ሲብስ ሰውየው ወይም ሴትየዋ መልስ መስጠት ይጀምራሉ፣ ግን ለሌላ ጥያቄ። ቤተሰብ እርጅና ነው ብሎ ያልፈዋል። ስንት ውሃ ልጠጣ ለሚለው መልሴ ታዲያ አጭር ነው፦ ሲጠማዎት ይጠጡ። ሐኪም በቁጥር ካልነገረዎት በስተቀር ሊትር አይቁጠሩ።

የእህትዎ ስፓይሮኖላክቶን በተቃራኒው ነው የሚሄደው፤ ፖታሲየምን ይይዛል። ከላሲክስ ጋር መጣመሩም አንዱ የሚያስወጣውን ሌላው ስለሚያስቀር ነው። ሆኖም ለእሷ የታዘዘው ለሽንት ብቻ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናት ከባድ የልብ ድካም ባለባቸው ሰዎች ላይ ሞትን በ30 በመቶ ቀንሷል። አደጋው ፖታሲየም ወደ ላይ መውጣቱ ነው፤ በተለይ ኩላሊቱ ለደከመና ኢናላፕሪልን የመሰለ መድኃኒት አብሮ ለሚወስድ ሰው። ከተራው ጨው ይልቅ ለጤና ይሻላል ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ የጨው ምትኮች ፖታሲየም ክሎራይድ ስለሆኑ እህትዎ እንዳትነካቸው ይንገሯት። ወንዶች ላይ ጡት ሊያሳብጥና ሊያሳምም ይችላል፤ ብዙዎቹ አፍረው ስለማይናገሩ ነው የማነሳው።

ሌሎቹን ጉዳቶች ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ታያዛይድ የደም ስኳርን ትንሽ ከፍ ሊያደርግ፣ ካልሲየምን በደም ውስጥ ሊያስቀር ይችላል፤ ይህ የኋለኛው ግን ካልሲየም ያለበት የኩላሊት ጠጠር ለሚመላለስበት ሰው ጥቅም ሆኖ ይገኛል። ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድን ለብዙ ዓመታት መውሰድ ከአንዳንድ የቆዳ ካንሰር ዓይነቶች ጋር በትንሹም ቢሆን ተያይዟል፣ ስለዚህ ጥላና ኮፍያ አይለዩዎት። ላሲክስ በብዛትና በፍጥነት በደም ሥር ሲሰጥ፣ ይልቁንም ጄንታማይሲን ከተባለው አንቲባዮቲክ ጋር፣ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። የትኛውም የሽንት መድኃኒት ድንገት ብድግ ሲሉ ሊያዞርዎት ይችላል፤ ሌሊት ከአልጋ ሲነሱ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብለው ትንሽ ይቆዩ። ታያዛይድ ሪህ የሚያመጣውን ዩሪክ አሲድም ይጨምራል፣ ሪህም ይቀሰቅሳል። ሪህ የሚታወቀው በእግር አውራ ጣት ላይ ነው፤ ጉልበትም ላይ ግን ይወጣል። ጉልበትዎን ማመም የጀመረዎት መቼ ነው? የሽንት መድኃኒቱ ከተጨመረ በኋላ ከሆነ፣ እየቀላና እየሞቀም ከሆነ፣ ለሐኪምዎ ይህን ሳይነግሩ አይውጡ።

ከጉልበቱ ጋር ደግሞ ኢቡፕሮፌን አለ፤ ከደብዳቤዎ ሁሉ ያሳሰበኝ ይህ ነው። የሽንት መድኃኒት ኩላሊት ያደርቃል የሚባለው ልክ አይደለም፤ የኩላሊት ሕመምተኞችም ይወስዱታል። ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ግን ኩላሊት የራሱን የደም ሥሮች ከፍቶ የሚያቆየው ፕሮስታግላንዲን በተባሉ ኬሚካሎች ነው። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሚያጠፉት እነዚህኑ ኬሚካሎች ነው። ሕመሙ ይለቃል፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ግን ይቀንሳል። ኢናላፕሪልን የመሰለ መድኃኒት ሦስተኛ ሆኖ ሲገባ ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። በዚህ ላይ ኢቡፕሮፌን ጨው ያስቀራል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የሽንት መድኃኒቱንም ጉልበት ይሰብራል። ምናልባት ግፊትዎ አልወርድ ብሎ ሁለተኛ መድኃኒት እስኪጨመር ያደረሰዎት እሱ ይሆን እንዴ? «አልፎ አልፎ» ያሉት በሳምንት ስንቴ እንደሆነ ለሐኪምዎ በቁጥር ይንገሩ። እስከዚያው ፓራሲታሞል ይሻልዎታል፤ ጉልበት ላይ የሚቀባ ጄልም ከሚዋጠው በጣም ያነሰ መጠን ነው ወደ ደም የሚያስገባው።

ትውከት ወይም ተቅማጥ በያዘዎት ቀን ደግሞ የሽንት መድኃኒቱን መቀጠል ይጎዳዎታል። መብላትና መጠጣት እስኪመለስልዎ ድረስ ለጊዜው ማቋረጥ እንዳለብዎ ከሐኪምዎ ጋር አስቀድመው ይስማሙ፤ ሲታመሙ ለመደወል ጉልበቱም ላይኖርዎት ይችላል።

መንገድ የሚሄዱበትን ቀን በተመለከተ፣ አይዝለሉት፤ ሰዓቱን ያዛውሩት። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከተዋጠ ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ይጀምራል፣ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይሠራል። ጠዋት ከሚውጡት ከሰዓት በኋላ ሲደርሱ ቢውጡት ችግር የለውም፤ ወደ መኝታ ሰዓት ብቻ አይግፉት። አሁን ሽንትዎ ወደ ልኩ ስለተመለሰ እንደ ዘወትሩ ቢወስዱትም የሚያስቸግርዎት አይመስለኝም። እህትዎ ግን በራሷ ፈቃድ አንድም ቀን መዝለል የለባትም። የልብ ድካም ያለበት ሰው በየጠዋቱ ከሸና በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በተመሳሳይ ልብስ ይመዘን። በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረ የጨመረው ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው፤ በዚያው ቀን ለሐኪሟ ትደውል።

ለእርስዎ በዚህ ሳምንት ውስጥ የሶዲየም፣ የፖታሲየም፣ የክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ)፣ የዩሪክ አሲድና የስኳር ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ። ማግኒዥየምም ቢታይ ጥሩ ነው፤ እሱ ከወረደ ፖታሲየም አልነሳ ይላል። የሳምንት የግፊት ልኬትዎን፣ ጠዋትና ማታ የለኩትን፣ በወረቀት ጽፈው ይሂዱ፤ የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ፣ ኢቡፕሮፌኑንም ጭምር፣ በአንድ ከረጢት ይዘው ጠረጴዛው ላይ ይዘርግፉት። ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ልብዎ ያለ ምክንያት ከዘለለ፣ ራስዎን ከሳቱ፣ ዓይንዎ ድንገት ታምሞ እይታዎ ከደበዘዘ፣ ወይም ቤተሰብዎ ንግግርዎ ተቀየረ ካሉዎት ግን ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።